ሚያታ 2003፣ 19 ሺህ ማይል ብቻ የሄደች፦ ከኋላ ሦስት ዓይነት ድምፅ

የእሁድ ነጂ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2003 (በአውሮፓ) ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ኤንቢ የሚባለው ሁለተኛው ትውልድ፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል። ማይሉ 19,200 ነው። ከመጀመሪያ ባለቤቷ እጅ የተገዛች ናት፤ ብዙውን ዕድሜዋን ጋራዥ ውስጥ ቆማ ነው ያሳለፈችው። ዝገት አላየሁባትም። የቨርጂኒያን ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ያለ ምንም ጥያቄ አልፋለች። ጎማዎቹ አራቱም 205/45 በ16 ናቸው፤ ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል።

ከኋላ የምሰማውን በተቻለኝ መጠን ለይቼ ልጻፈው።

ከ35 ማይል በሰዓት ጀምሮ «ው-ው-ው-ው» የሚል ጉምጉምታ አለ፤ 50 አካባቢ ይብሳል። ፍሪሲዮን ረግጬ የሞተሩ ዙር ሲወርድም አይለወጥም። የሚከተለው የመኪናዋን ፍጥነት ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ነድቼ አንደኛ አስገብቼ ስነሳ አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ!» ይላል። ከዚያ ዝም።

ትንንሽ ጉድጓድና የአስፋልት መጋጠሚያ ላይ ከቀኝ ኋላ በኩል «ዱክ ዱክ» አለ። የሚገርመው ትልቅ ጉብታ ላይ ብዙም አይሰማም።

አንድ መካኒክ ሳይነዳት፣ በስልክ ብቻ፣ «ዲፈረንሻል ነው፣ ይቀየር» ብሎኛል፤ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለውን የማርሽ ሳጥን ማለቱ ነው። 19 ሺህ ማይል በሄደች መኪና ዲፈረንሻል ያልቃል እንዴ? ከየት ልጀምር?

---

ዳዶና ብሎን

ዲፈረንሻሉን ለጊዜው እርሳው። ድምፁን ለይተህ መጻፍህ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሃል፤ ሦስት ድምፅ ከሆነ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ እያንዳንዱን ለብቻው አሳድደው።

በዚህ ዓይነት መኪና ላይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በዕድሜ የሚበላሸው ነገር ነው። ማይል የሚቆጥረው የብረቱን ልፋት ብቻ ነው። ጎማ፣ ጎሚኒ፣ ግሪስና ዘይት ግን መኪናዋ ብትሄድም ብትቆምም ያረጃሉ፤ ጎማ እንዲያውም ቆሞ ሲውል ይብስበታል።

ጉምጉምታው ከሞተሩ ዙር ጋር ካልተለወጠ ሞተርና ማርሚታ ወጥተዋል። የሚቀሩት ጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታና ዲፈረንሻል ናቸው። ዲፈረንሻሉን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። መኪና በሌለበት ጠፍጣፋ መንገድ 50 ማይል ላይ ያዛት። መጀመሪያ ነዳጅ እየሰጠህ፣ ቀጥሎ እግርህን አንስተህ በማርሹ እየተያዘች፣ በመጨረሻ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ያህል ብቻ እየነካህ አዳምጥ። የዲፈረንሻል ጥርስ ስትነዳ በአንድ ፊቱ፣ እግርህን ስታነሳ በሌላው ፊቱ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ያለቀ ከሆነ በሦስቱ ሁኔታዎች አንድ ዓይነት ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ድምፁ ካልተለወጠ የማርሾቹ ጥርስ ነጻ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ራሱ ይናገራል። ባለ 5 ማርሿ የአሜሪካ ኤንቢ የዲፈረንሻል ምጣኔ 4.30 ነው፤ ትልቁ ማርሽ 43፣ ፒኞኑ (ትንሹ ማርሽ) 10 ጥርስ። የጎማህ ዙሪያ 1.85 ሜትር ገደማ ስለሆነ 50 ማይል ላይ በሰከንድ 12 ጊዜ ይዞራል። ፒኞኑ በ4.3 ሲባዛ 52 ጊዜ ገደማ፣ ጥርሶቹ ደግሞ በሰከንድ 520 ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። በዚያ ፍጥነት የሚገናኝ ጥርስ «ው-ው» አይልም፤ እንደ ማሲንቆ ክር አንድ ወጥ ሆኖ ያለቅሳል። የሚቆራረጥ ጉምጉምታ ከጎማው ዙር ጋር ነው የሚሄደው። ወደ 10 ማይል አውርደህ ቁጠረው፤ በሰከንድ ሁለት ተኩል ጊዜ ገደማ የሚመታ ከሆነ አንድ ጎማ ላይ አንድ ቦታ ጠፍጣፋ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ጎማዎቹን እይ። ጎናቸው ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሃል። ሙሉው ቁጥር በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ከውጭ ካጣኸው በባትሪ ብርሃን ከውስጥ በኩል ፈልገው። ጥርሱ ጥልቅ ነው ማለት ጎማው ደህና ነው ማለት አይደለም። ኢንስፔክሽኑ ጥልቀቱን ነው የሚለካው፤ 2/32 ኢንች ካለው ያልፋል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ግን 10 ዓመት የሞላው ጎማ ምንም ያህል ጥሩ ቢመስል እንዲነሳ ነው የሚመክሩት።

ከዚያ መዳፍህን በጥርሱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራትተው። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ ከዚያ ነው የሚጮኸው። ጥርሱ ሥር ያሉትን ስንጥቆችም እይ።

ወሳኙ ፈተና ማቀያየር ነው። አራቱም አንድ መጠን ስለሆኑ የኋላዎቹን ወደ ፊት፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ አድርግ። ጎኑ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ካለበት በያዘበት ጎን ብቻ ይቀያየር እንጂ ግራና ቀኝ አይዘዋወር። ነፋሱን አራቱም ላይ 26 ፒኤስአይ አድርገው፤ የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም ስለማይበልጥ ዝቅ ያለ መሆኑ አያስደንግጥህ። የቸርኬው ዳዶ 21 ቁጥር ነው፤ ከ65 እስከ 87 ፉት-ፓውንድ፣ በኮከብ ቅርጽ እየዘለልክ። ከዚያ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት ንዳት። ድምፁ ወደ ፊት ከመጣ ጎማ ነው፤ አንድ ሳንቲም አላወጣህም። ከኋላ ከቀረ ወደ ኩሽኔታ እንሄዳለን።

---

ቶርኖ ቤት

የዳዶና ብሎን ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ ግን ኩሽኔታውን «ከቀረ» ብላችሁ አታሳንሱት። ለዓመታት የቆመች መኪና ኩሽኔታ ውስጥ እርጥበት ከገባ ኳሶቹ ባረፉበት መስመር ላይ ቀለበቱን ይበላዋል። ያች ትንሽ ምልክት ስትነዳ እየሰፋች ትሄዳለች። 19 ሺህ ማይል መሆኑ ዋስትና አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ፈተና 40 ማይል ላይ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ ማወዛወዝ ነው። ወደ ግራ ስትዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ያኔ ጉምጉምታው ከጨመረ የቀኙ ይጠረጠራል። ይህን ፈተና ግን ብቻውን አትመኑት። የኤንቢ የኋላ ኩሽኔታ ባለ ሁለት ረድፍ ስለሆነ አንዳንዴ ክብደት ሲያርፍበት ነው ዝም የሚለው። ያረጀ ጎማም ክብደት ሲጫንበት ድምፁ ይለወጣል።

ከዚያ የሚሻለው እጅ ነው። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በእንጨት አስይዝ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ማርሹ ነጻ ይሁን። የኋላውን በዲፈረንሻሉ ሥር በሃይድሮሊክ ክሪክ አንሳና ሁለቱንም ጎን በብረት መቆሚያ ደግፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ከዚያ በአንድ እጅህ የሾኩን ሞላ ያዝ፣ በሌላው ጎማውን ቀስ ብለህ አዙር። የተበላሸ ኩሽኔታ በሞላው በኩል እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሰማሃል፤ ጆሮህ ከመስማቱ በፊት እጅህ ያገኘዋል። ግራና ቀኙን አወዳድር፤ ሁለቱም እኩል መበላሸታቸው ብርቅ ነው። ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው ምንም ላላ ያለ ነገር መኖር የለበትም።

ሁለት ማሳሳቻ አለ። የፍሬን ሸራው ዲስኩን ሲነካ የሚሰጠው «ሽ-ሽ-ሽ» ኩሽኔታ አይደለም። እንዲሁም መኪናዋን ተሰቅላ ሳለች በሞተር አታዙሯት። ጎማዎቹ ወደ ታች ሲንጠለጠሉ አክስሎቹ በተለመደው ማዕዘናቸው ላይ አይደሉም፤ የሲቪ ጆይንቱ (የአክስሉ ተጣጣፊ መጋጠሚያ) የሚያወጣው ድምፅ መንገድ ላይ የሌለ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና አክስል ተቀይሮ ያውቃል።

ኩሽኔታ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ከባድ ነው። የፊቱ ከነ ሀቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሀል) አንድ ትልቅ ዳዶ ተፈትቶ ይቀየራል፤ የኋላው ግን ናክሉ (ኩሽኔታውን የሚያቅፈው ብረት) ውስጥ በፕሬስ የገባ ነው። ሀቡ ሲወጣ የውስጡ ቀለበት ግማሽ ሀቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና አሮጌው ተመልሶ አይገባም። አዲሱን ስታስገቡ ናክሉ ውስጥ በውጭኛው ቀለበት ብቻ ግፉት። ሀቡን ስትጫኑበት ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከሥር ይደገፍ። ይህን የዘነጋ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ በራሱ እጅ አበላሽቶ ነው የሚገጥመው፤ በሺህ ማይል ውስጥ ድምፁ ይመለሳል።

---

ክሮቸራ

እኔ ስለ «ቋ!» ብቻ። አቅጣጫ ስትቀይር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጮህ ነገር ሲገፋ ወደ አንድ ጫፍ፣ ሲሳብ ወደ ሌላ ጫፍ የሚሄድ ነገር ነው። በኋላ በኩል ይህን የሚያደርጉት ብዙ አይደሉም፦ የፍሬን ሸራ፣ የአክስሉ ዳዶ፣ የፕሮፔለር ሻፍቱ (ጉልበት ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ክሮቸራ፣ ማለትም የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያው፣ የዲፈረንሻሉ ጎሚኒ። የላላ የቸርኬ ዳዶም እንዲሁ ይጮሃል፤ መጀመሪያ እሱን በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ መፍቻ) ፈትሽና ከዝርዝሩ አውጣው።

ሸራው ማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ክፍተት አለው። ወደ ኋላ ሄደህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሄደህ ፍሬኑን *ስትረግጥ* ከጮኸ እሱ ነው፤ ጉዳት የለውም። ያንተ ግን ስትነሳ ነው የሚጮኸው ብለሃል። ለማረጋገጥ የእጅ ፍሬኑን ሁለት ጥርስ ያህል ስበህ፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ በጣም በቀስታ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሞክር። ድምፁ ከጠፋ ሸራ ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ አይደለም።

ቀጣዩ ተጠርጣሪዬ የአክስል ዳዶው ነው። የአክስሉ ትከሻ ከኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ጋር ፊት ለፊት ተጫጭኖ ነው የሚቀመጠው፤ የሚይዘው ያ 29 ቁጥር ዳዶ ነው። በጊዜ ብዛት በሁለቱ መካከል ያለው ፊት ይደርቅና ትንሽ ዝገት ይይዛል። ጉልበት ሲገለበጥ አክስሉ ሀቡ ውስጥ በሚገባባቸው ጥርሶች ክፍተት ያህል ይንሸራተትና ይጮሃል። ለማየት የቸርኬውን መሀል ክዳን አውጣ። በቀለም ወይም በኖራ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከዳዶው በአክስሉ ጫፍ አሳልፈህ እስከ ሀቡ ስበህ አስምር። አሥር ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሂድ። መስመሩ ከተሰበረ አግኝተኸዋል። ባይሰበርም ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እንቅስቃሴው ከመስመሩ ውፍረት ሊያንስ ይችላል።

ክሮቸራውን ለመፈተሽ ማርሹ ነጻ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ፣ መኪናዋ በመቆሚያ ላይ ሆና ሻፍቱን በእጅህ ግራና ቀኝ ጠምዝዘው። ክሮቸራው መሀል ላይ ምንም ልቅነት መታየት የለበትም። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍተት ግን ጤነኛ ነው፤ «ቀጭ» የሚል ነገር ስለሰማህ ብቻ አትደንግጥ። ይህን ክፍተት አይቶ ይሆናል ያ ሰውዬ ዲፈረንሻል ይቀየር የሚለው፤ ግን አላያትም አልክ አይደል!

---

ዳዶና ብሎን

«ዱክ ዱክ» ተረሳ። ትንሽ ጉድጓድ ላይ የሚጮህና ትልቅ ላይ የሚጠፋ ነገር ብዙ ጊዜ ክብደት የሌለበት፣ በትንሽ ክፍተት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ትልቅ ጉብታ ላይ በአንድ ወገን ተጭኖ ስለሚቆይ ዝም ይላል።

ስለዚህ መኪናዋ ሥር ከመግባትህ በፊት የኋላውን ሻንጣ ክፈትና ባዶ አድርገው። ክሪኩ፣ መፍቻው፣ ስኮርታ ጎማው፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም ይውጣ። በዚህች መኪና ባትሪው ከፊት ኮፈን ሥር ሳይሆን እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነው፤ አይወጣም፣ ግን ማሰሪያውን በእጅህ ነቅንቀው። ከዚያ በዚያው ጉድጓዳም መንገድ ንዳ። ድምፁ ከጠፋ አንድ በአንድ እየመለስክ ሞክር። ክሪኩ ሲመለስ ጠመዝማዛውን በእጅ አዙረህ ማቀፊያው ላይ እስኪወጠር አጥብቀው። ይህን መሳቂያ ነገር ሳያዩ ሾክ የቀየሩ ብዙ ናቸው።

ሻንጣው ካልሆነ የስታቢላይዘሩን (መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዛት ዘንግ) ሊንኮች፣ ማለትም አጫጭር ማያያዣዎቹን፣ ፍታ፤ ሁለቱንም ጎን። አንዱን ብቻ ከፈታህ ሌላው ዘንጉን እየገፋው ፈተናው ይበላሻል። ዘንጉ ምንም እንዳይነካ በሽቦ አስረህ በቀስታ ሰፈር ውስጥ ንዳ፤ መኪናዋ ተራ መዞሪያ ላይ ከወትሮው በላይ ታጋድላለችና አትፍጠን። ዱክ ዱኩ ከጠፋ ሊንኩ ነው። ጫፎቹ ላይ ያለው ትንሽ ኳስ በጣት ሲነቀነቅ በቀላሉ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ አልቋል፤ ደህናው ጠጠር ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሾኩ የምትሄደው፤ የላይኛው ዳዶና ጎሚኒ። እግረ መንገድህን ሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን ቢጫ የስፖንጅ መቆሚያ እይ፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚገኘው። ድምፁን እሱ ባያመጣውም ከተፈረፈረ ይቀየር።

ማርሚታውንም ቀዝቃዛ ሳለ በእጅህ ግራና ቀኝ ግፋው፤ ከሰውነቱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ማንጠልጠያ ጎሚኒዎቹ ረዝመዋል። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ላልቶ ከሆነ ትልቅ የብረት ማጥበቂያ ቀለበት ዙሪያውን አስረህ ትገላገላለህ።

---

የእሁድ ነጂ

እናመሰግናለን፤ ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ለእርስዎም። ያገኘሁት ይህ ነው።

ሦስቱ የነዳጅ ፈተናዎች፦ ድምፁ አልተለወጠም። 10 ማይል ላይ ግልጽ ምት አለ።

የጎማዎቹ ቁጥር አራቱም 3109። የ2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ) 31ኛ ሳምንት ማለት ነው አይደል? ጥርሱ ላይ መጋዝ መሰል ነገር የኋላዎቹ ላይ አለ። ቀስት ስላላቸው በየጎናቸው ቀያየርኳቸው። ጉምጉምታው ወደ ፊት መጣ፤ አሁን መሪው ላይም ትንሽ ንዝረት አለ። ሞላው ላይ እጄን አድርጌ ሁለቱንም ጎን አዞርኩ፣ አሸዋ የሚመስል ነገር የለም።

ሻንጣው፦ ክሪኩ ልቅ ነበር። አጥብቄው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሊንኮቹን ስፈታ የቀረውም ጠፋ፤ የቀኙ በጣት ይነቀነቃል፣ የግራው ጠጠር ያለ ነው።

«ቋ!» ግን በእጅ ፍሬኑም አልጠፋም። ክሮቸራው ምንም የለውም። መስመሩ ቀኝ ላይ አልተነካም፤ ግራ ላይ አንድ ፀጉር ያህል የተሰበረ ይመስላል፣ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ዳዶውን ዝም ብዬ ላጥብቀው? ጎማውስ ሁለት ብቻ ልግዛ? የፊቶቹ ድምፅ አልነበራቸውም።

---

ክሮቸራ

ፀጉር ያህል በቂ ነው። ዝም ብሎ ማጥበቅ አንዳንዴ ይሠራል፤ ግን በመሀል ያለው ደረቅ ፊት እንዳለ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንዴ ከነካኸው በሚገባ ሥራው።

የሚያስፈልግህ፦ 29 ቁጥር ጥልቅ ቡሶላ፣ ረጅም እጀታ፣ እስከ 250 ፉት-ፓውንድ የሚያነብ ቶርክ መፍቻ (ተራው 150 ላይ ይቆማል፤ የመለዋወጫ ሱቆች በማስያዣ ያውሳሉ)፣ አዲስ የአክስል ዳዶ፣ ሞሊብደነም ያለበት ወፍራም ቅባት፣ ቀጭን ስካርፔሎ።

ዳዶው ከንፈሩ አክስሉ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ተመትቶ የገባ ነው። መጀመሪያ ያንን ከንፈር በስካርፔሎ ከቦዩ አውጣው፤ ሳታወጣው ብትፈታ የአክስሉን ክር ትበጥሳለህ። የመሀሉ ክዳን ወጥቶ፣ ጎማው መሬት ላይ ሳለ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦልህ ፍታው፤ ከዚያ ነው መኪናዋን የምታነሳት። ጎማውን አውጥተህ ዳዶውን እስከ ክሩ ጫፍ አምጣው፣ በላዩ እንጨት አድርገህ አክስሉን ወደ ውስጥ በቀስታ ምታው። ዳዶውን ክሩ ላይ የተውከው የክሩ ጫፍ እንዳይጠፈጠፍ ነው። አክስሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲገባ ከኋላ በኩል ትከሻውንና የኩሽኔታውን ፊት ታያለህ። በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጨርቅና በፍሬን ማጽጃ አጽዳ፤ ማጽጃውን በቀጥታ ኩሽኔታው ላይ አትርጨው፣ ጨርቁ ላይ ይሁን። ትከሻውና ጥርሶቹ ላይ ቀጭን የሞሊብደነም ቅባት ቀባ። ክሩ ላይ ግን አታድርግ፤ የተቀባ ክር በዚያው የቶርክ ቁጥር ከሚገባው በላይ ይወጠራል።

አክስሉን መልሰህ ጎትት፣ አዲሱን ዳዶ ግጠም፣ ጎማውን ግጠም፣ መኪናዋን አውርድ፣ ፍሬን ተይዞ ዳዶውን አጥብቅ። ቁጥሩ ከ159 እስከ 231 ፉት-ፓውንድ ነው፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ቅረብ፣ 220 ጥሩ ነው። በመጨረሻ ከንፈሩን ቦዩ ውስጥ ምታው። ዳዶው ልቅ ሳለ መኪናዋን አንድ ክንድ እንኳ አታንቀሳቅሳት፤ ባለ ሁለት ረድፉ ኩሽኔታ ተጭኖ የሚቆየው በዚያ ዳዶ ነው፣ ልቅ ሆኖ መኪናዋ ከተንከባለለችበት ይጎዳል። ቀኙንም አብረህ ሥራው፤ በዚያው ዕድሜ ላይ ነው።

---

ቶርኖ ቤት

ጎማ አራቱንም ቀይር፣ ልጄ። የፊቶቹ አልጮሁም እንጂ ልደታቸው አንድ ነው። በኋላ የምትገፋ ቀላል መኪና ላይ ፊት የደረቀ ጎማ፣ ኋላ አዲስ አድርገህ በዝናብ ስትነዳት መሪውን ስታዞር ወደፈለግህበት አትሄድም፤ ተገላቢጦሹ ደግሞ ያሽከረክርሃል። አሮጌ ጎማ ቀዝቃዛ ቀን ላይ ጥርስ እያለው ነው የሚንሸራተተው።

አዲሶቹ ሲገጠሙ የነሱንም ቁጥር አንብብ፤ መደርደሪያ ላይ አራት ዓመት የከረመ ጎማ እንደ አዲስ ሲሸጥ ዝም አትበል። የድሮዎቹ ሲወልቁ ቸርኬዎቹ ባላንስ ማሽን ላይ ባዷቸውን ይዙሩልህ። የታጠፈ ቸርኬም «ው-ው» ይላል፤ አዲስ ጎማ ገጥመህበት ድምፁን ብትሰማ ተመልሰህ ኩሽኔታ ልትጠረጥር ነው።

መኪናዋ ተነስታ ሳለች የኋላ ካሊፐሮቹን እይልኝ። የቆመች መኪና ላይ ተንሸራታች ፒኖቹ ይደርቃሉ። አውጥተህ አጽዳና የሲሊኮን የፍሬን ግሪስ ቀባ። የኋላው ፒስተን ተጭኖ አይገባም፣ እንዳትታገለው፤ ከካሊፐሩ ጀርባ ያለውን መሸፈኛ ብሎን ፈትተህ በ4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ነው የሚመለሰው። ስትጨርስ ሸራው ዲስኩን እስኪይዝ አጥብቅና ሲሶ ዙር መልሰው።

---

ዳዶና ብሎን

ሊንኩን ስትገዛ ሁለቱንም ጎን ግዛ። ልክ ሲገባ ግን የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለ አድርገው። ሌላ የጎሚኒ ብሎን ከነካህም ሕጉ ያው ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በዓመቱ ይቀደዳል።

ዲፈረንሻሉ ነጻ ወጣ ማለት ዘይቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። 22 ዓመት የቆየ ዘይት ከሆነ ቀይረው፤ የሚወስደው 1 ሊትር ብቻ ነው። 75ደብሊው-90፣ ጂኤል-5 የሚል። መጀመሪያ *የመሙያውን* ቡሽ ፍታ፤ 23 ወይም 24 ቁጥር ነው። የታችኛውን አውጥተህ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው እምቢ ካለህ መኪናዋ ያለ ዘይት ቆማ ትቀራለች። ቡሹ ላይ የምታገኘው ግራጫ ጭቃ መሰል ብረት የተለመደ ነው፤ በጣትህ ስታሻው የሚወጋ ስባሪ ካለ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ መንጠብጠብ ሲጀምር ሞልቷል።

ዘይቱ ጎድሎ ካገኘኸው ፒኞኑ ጋ ያለውን ማኅተምና ከላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ እይ። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ግፊቱ ዘይቱን በማኅተሙ በኩል ያስወጣዋል። መተንፈሻውን ሳታጸዳ ማኅተም መቀየር ዋጋ የለውም።

---

የእሁድ ነጂ

አራት ጎማ፣ ሁለት ሊንክ፣ ሁለት ዳዶ፣ 1 ሊትር ዘይት። ቸርኬዎቹ ባዷቸውን ዞረው ቀጥ ያሉ ናቸው። ጉምጉምታው የለም፤ 65 ላይ የምሰማው ነፋሱን ብቻ ነው። «ዱክ ዱክ»ም የለም። «ቋ!» ሃያ ጊዜ ሞክሬ አልመጣም። የግራው አክስል ትከሻ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ነበር፣ የቀኙ ንጹሕ። የዲፈረንሻሉ ቡሽ ላይ ግራጫ ጭቃ ብቻ።

ጥያቄ፦ የግራው ዳዶ 220 ላይ ጠበቀ፤ ከንፈሩን ስመታ ግን ቦዩ ፊት ለፊት አልመጣም፣ ከግማሹ በላይ ከቦዩ ውጭ ነው። ትንሽ ልመልሰው?

---

ክሮቸራ

አትመልሰው። የግድ ማዞር ካለብህ ወደ ፊት፣ በትንሽ በትንሹ፣ እስከ 231 ድረስ ነው፤ ግን አያስፈልግህም። ከንፈሩ ሙሉ ክብ ስለሆነ ዳዶውን ከቦዩ ጋር ማሰለፍ አያስፈልግም፤ ቦዩ ባለበት ቦታ ያለውን ከንፈር ነው የምትመታው። የመታኸው ቦታ ስቶ ከሆነ ጠርዙ ክብ በሆነ ስካርፔሎ፣ በቀጥታ ቦዩ አናት ላይ ድገመው። ከንፈሩ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ዳዶ ግዛ። ከ50 ማይል በኋላ የቸርኬ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ እንደገና ንካቸው፤ የኖራ መስመሩንም አዲስ አስምረህ ተወው።